በውሃ ቆዳ ላይ የሚኖሩ ነፍሳት

ከኦሎምፒያ ወደ ካዛንቺስ የሚወስደውን መንገድ በየቀኑ የሚመላለስበት ሰው ብዙ ነው። ተማሪው ደብተሩን፥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ቦርሳውን ይዞ፥ ታክሲ ያጣውም በእግሩ እያዘገመ ያልፋል። በዚህ አካባቢ ከሕንፃዎቹ ግርጌ፥ ከእንጦጦ ተራሮች ተነሥቶ ወደ አቃቂ የሚወርድ ውሃ መኖሩን ቆም ብሎ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። የሚመለከት ቢገኝም የሚያየው ውሃውን እንጂ የውሃውን ፊት አይደለም። እኛም ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ውሃው ፊት ነው፤ ይኸውም ውሃው ከአየር ጋር ስለሚገናኝበት ቀጭን ወለልና በዚያ ወለል ላይ ቤት ንብረታቸውን ስላደረጉት ነፍሳት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይረዳልን።

ከገጠር የመጣ አንባቢ ነገሩን ከኛ ይልቅ ያውቀዋል። በልጅነቱ ከብት ሲያጠጣ፥ ወይም እንስራ የተሸከመች እኅቱን ተከትሎ ምንጭ ሲወርድ፥ እግሯ እንደ ክር የቀጠነ፥ ገላዋ ከገብስ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ፍጥረት በኩሬው ፊት ላይ ሽው እያለች ስትሮጥ አይቷል። ድንጋይ ቢወረውርባት ትሰወራለች፤ ጥቂት ቆይቶም ከነበረችበት ትገኛለች። እግሯ አይርስም፤ እርሷም አትሰጥምም። ሊቃውንቱ የዚህችን ፍጥረት ወገን «ጌሪስ» ይሉታል። እኛ ግን ለዚህ ጽሑፍ ያህል «የውሃ ላይ ሯጭ» ብንላት አንባቢው እንደማይቀየመን እናምናለን።

ሌላዋ ደግሞ «የውሃ እናት» የምትባለው ጥቁር፥ ጀርባዋ የሚያብለጨልጭ ጢንዚዛ ናት። በውሃ ላይ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች። ዓይኖቿ እያንዳንዳቸው ለሁለት የተከፈሉ ስለሆኑ፥ በላይኛው ክፍል ከውሃው በላይ ያለውን፥ በታችኛው ደግሞ ከውሃው በታች ያለውን በአንድ ጊዜ ትመለከታለች። ልጃገረዶች ጡታችን ቶሎ ያጎጠጉጥ እያሉ ይህችን ጢንዚዛ ይዘው ያስነክሷት እንደ ነበር ብዙዎቻችን ሰምተናል። ልማዱም በኢትዮጵያ ብቻ ያለ አይደለም፤ በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም መኖሩን ተመራማሪዎች ጽፈውበታል። ይሠራል ወይስ አይሠራም ለሚለው ጥያቄ ግን ከኛ ምስክርነት ባይፈለግ እንመርጣለን።

እነዚህን ፍጥረቶች «ከፊል የውሃ» ስንላቸው ነገሩ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ትንኝ ልጅነቷን በውሃ ውስጥ ታሳልፍና ስታድግ ወደ አየር ትወጣለች። ባለ አራት ክንፏ፥ በአየር ላይ ቀጥ ብላ መቆም የምትችለው፥ ፈረንጆች «ድራገንፍላይ» የሚሏትም እንዲሁ ናት። እነዚህ ዕድሜያቸውን ለሁለት ከፍለው አንዱን ለውሃ፥ አንዱን ለአየር ሰጥተዋል። የውሃ ላይ ሯጭ ግን እንዲህ አይደለችም። እንቁላሏ ከውሃው በታች በቅጠል ወይም በድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይቆይና፥ ከተፈለፈለች በኋላ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ከዚያም አምስት ጊዜ ቆዳዋን እየለወጠች አድጋ እስክትሞት ድረስ በወለሉ ላይ ትኖራለች። በውሃም አትኖርም፥ በየብስም አትኖርም፤ የምትኖረው በሁለቱ ድንበር ላይ ነው።

ውሃ ቆዳ አለው ስንል ነገር ለማሳመር አይደለም። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። በመካከል ያለችው ቅንጣት ከላይም ከታችም ከጎንም ትሳባለች። ከፊት ያለችው ግን ከበላይዋ ባልንጀራ የላትምና የምትሳበው ወደ ታችና ወደ ጎን ብቻ ነው። ስለዚህ የውሃው ፊት እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ይኖራል። ይህንን ለማየት የላቦራቶሪ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ፥ በትንሽ ለስላሳ ወረቀት ላይ አንድ ደረቅ መርፌ አድርጎ ቀስ ብሎ ውሃው ላይ ማስቀመጥ ነው። ወረቀቱ ርሶ ወደ ታች ሲወርድ መርፌዋ ከላይ ትቀራለች። ብረት ከውሃ ስምንት እጥፍ ያህል የሚከብድ ሆኖ ሳለ አይሰጥምም። ከዚያ በኋላ በጣት ጫፍ ጥቂት ሳሙና ነክሮ የውሃውን ጠርዝ መንካት ነው፤ መርፌዋ ወዲያው ዘቅጣ ከብርጭቆው ግርጌ ትተኛለች። ይህን የመጨረሻውን ክፍል አንባቢው በልቡ ይያዝልን፥ ኋላ እንፈልገዋለን።

የሯጯ እግር ከመርፌ የተሻለ ነው። በ2004 ሁለት የቻይና ሊቃውንት፥ ጋዎና ጂያንግ፥ እግሯን በትልቅ ማጉያ መሣሪያ ቢመለከቱት በዓይን በማይታዩ እጅግ ብዙ ፀጉሮች የተሸፈነ፥ እያንዳንዱም ፀጉር ደግሞ በረቂቅ ቦይ የተሸነሸነ ሆኖ አገኙት። በፀጉሮቹና በቦዮቹ መካከል አየር ስለሚታሰር ውሃው እግሩን ሊነካው አይችልም። አንዲቱ እግር ብቻዋን ውሃውን ሳትበሳ ከፍጥረቲቱ ክብደት 15 እጥፍ ያህል መሸከም እንደምትችልም ለኩ። ስድስት እግር ላላት ፍጥረት ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብና ሞገድ ሲነሣ ግን ትርፉ ይፈለጋል።

መቆሙስ ይሁን፥ እንዴት ትሮጣለች? ይህ ጥያቄ ሊቃውንቱን ለብዙ ጊዜ አስቸግሯቸው ነበር። ቀድሞ ይታሰብ የነበረው፥ በእግሯ ትንንሽ ሞገድ ወደ ኋላ እየገፋች ወደ ፊት ትሄዳለች የሚል ነው። ይሁን እንጂ ገና የተፈለፈሉት ልጆቿ እግራቸውን የሚያወዛውዙበት ፍጥነት ሞገድ ለማስነሣት አይበቃም። እንደ ሒሳቡ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ከቦታቸው ንቅንቅ ማለት አይችሉም ነበር። እነርሱ ግን ሒሳቡን ስላላነበቡ ይሮጣሉ። በ2003 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እነ ዴቪድ ሁ ውሃውን በቀለም አቅልመው ቢያዩት፥ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ከወለሉ በታች ትንንሽ ሽክርክሪቶች ወደ ኋላ ሲሄዱ ታየ። ማለት መካከለኛዎቹን ሁለት እግሮች እንደ መቅዘፊያ ትጠቀምባቸዋለች፤ ውሃውንም ሳትበሳ ትቀዝፋለች። የፊተኞቹ እግሮች አደን መያዣ፥ የኋለኞቹ ደግሞ መሪ ናቸው።

ሥጋ በል ናት። በውሃ ላይ የወደቀ ዝንብ ወይም ከውሃው ለመውጣት የምትፍገመገም ትንኝ የምታነሣውን ጥቃቅን ሞገድ በእግሯ ሰምታ ትደርስበታለች፤ በሹል አፏም ወግታ ትመጠዋለች። ትንኝ ትበላለች ስንል ግን የወባ መድኃኒት ተገኘ ማለታችን አይደለም፤ አንዳንድ ጸሐፊ ለእያንዳንዱ ፍጥረት ጥቅም ካላገኘለት እንቅልፍ አይወስደውምና ይህን አስቀድመን መናገር ይሻላል። ይህ የሞገድ ስሜት ለአደን ብቻ አይደለም። ዊልኮክስ የተባለ አሜሪካዊ በ1972 እንዳስረዳው፥ ከወገኖቿ አንዳንዶቹ ወንዶች እግራቸውን በውሃው ላይ በልክ እየመቱ የሞገድ መልእክት ይሰዳሉ፤ ሴቲቱም መልእክቱን ተከትላ ትመጣለች። የውሃው ቆዳ እንግዲህ መሬታቸውም ማዕዳቸውም ስልካቸውም ነው።

አሁን ወደ ታሪካቸው እንለፍ። ነፍሳት በመሠረቱ የየብስ ፍጥረቶች ናቸው፤ አየር የሚተነፍሱትም በገላቸው ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። ወደ ውሃ የገቡት ከየብስ ተመልሰው ነው። አመላለሳቸውም አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ ጢንዚዛው በራሱ መንገድ፥ ትንኟ በራሷ መንገድ፥ ሯጯም በራሷ መንገድ ገብተዋል። ጨው በሌለው ውሃ ከሚኖሩት፥ በሊቃውንት ከሚታወቁት የእንስሳት ዓይነቶች 60 ከመቶ ያህሉ ነፍሳት መሆናቸውን ስናስብ፥ ይህ መመለስ ምን ያህል እንደ ተሳካላቸው እንረዳለን።

የሯጯን ወገን ታሪክ ከሁሉ አብልጦ የመረመረው የዴንማርኩ ተወላጅ ኒልስ ሞለር አንደርሰን ነው። በ1982 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ እስካሁን ድረስ ከዚህ ሙያተኞች ጠረጴዛ አይጠፋም። የእርሱ ሐሳብ እንዲህ ነው። የዚህ ወገን አያቶች በውሃ ዳር በርጥብ አፈርና በሽበት መካከል ይመላለሱ ነበር። ከዚያ ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ውሃ ላይ ወደ ተንሳፈፈው ቅጠል ተሻገሩ። ቀጥሎም ከቅጠል ወደ ቅጠል ባዶውን ወለል መርገጥ ለመዱ፤ በመጨረሻም ቅጠሉን ትተው ወደ መካከሉ ወጡ። ይህ በወሬ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ የእያንዳንዱ ደረጃ ምሳሌ የሚሆን ፍጥረት ዛሬም በሕይወት አለ። በርጥብ አፈር የቀረ አለ፤ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የሚኖር አለ፤ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ከዳር ዳር የሚራመድ አለ፤ ከመካከል የሚቀዝፍም አለ። አንድ ኩሬ ላይ ከዳር ወደ መካከል ዓይናችንን ስናንቀሳቅስ የዚያን ረጅም ጉዞ ደረጃዎች በተራ እናያለን። ጉዞው ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ ደግሞ በፈረንሳይ አገር በደነደነ የዛፍ ሙጫ ውስጥ ተጣብቀው የተገኙት ይመሰክራሉ፤ ዕድሜያቸው 100 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ያን ጊዜ በምድር ላይ ሰው አልነበረም፤ የእንጦጦም ተራራ አልነበረም።

እግሩ እንዴት ረዘመ ለሚለው ጥያቄ መልስ መገኘት የጀመረው በኛ ዘመን ነው። በብዙ ነፍሳት፥ ፌንጣን ብንወስድ፥ ከሁሉ የሚረዝመው የኋላ እግር ነው። በሯጯ ዘንድ የሚረዝመው የመካከሉ ነው፤ መቅዘፊያው እርሱ ነውና። በ2009 አብድራህማን ኪላና ባልደረቦቹ እንደ ገለጡት፥ ለዚህ ኃላፊ ከሆኑት አንዱ «ዩቢኤክስ» የተባለው የዘር ቅንጣት ነው። ይኸው ቅንጣት የመካከሉን እግር ያስረዝማል፥ የኋላውን ደግሞ ያሳጥራል። ሥራውን ባስቆሙት ጊዜ መካከለኛው አጠረ፥ የኋላው ረዘመ። አዲስ ነገር አልተፈጠረም፤ በነፍሳት ሁሉ የሚገኘው አሮጌ መሣሪያ ለአዲስ ሥራ ዋለ እንጂ። በኃይል በሚወርድ ወንዝ ላይ የሚኖሩት «ራጎቬሊያ» የሚባሉት ዘመዶቿ ደግሞ በመካከለኛው እግራቸው ጫፍ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ፀጉር አላቸው። ማራገቢያውን የሚሠሩ ሁለት የዘር ቅንጣቶች በ2017 ሲታወቁ፥ ሊቃውንቱ አንዱን «ጌይሻ»፥ ሁለተኛውን «የጌይሻ እናት» አሏቸው፤ ማራገቢያ ይዘው በሚጨፍሩት በጃፓን ሴቶች ስም መሆኑ ነው። የነዚህን ቅንጣቶች ሥራ በቀነሱ ጊዜ ማራገቢያው አጠረ፥ ፍጥረቲቱም ወደ ላይ ውሃውን ገፍታ መውጣት ተሳናት። ከዚህ ወገን ያሉት በአፍሪካ ወንዞችም ይኖራሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ፍጥረት በዓለም ላይ እንዴት ተሰራጨች? ከነርሷ ጋር በአንድ ክፍል የሚቆጠሩት የታወቁት ዓይነቶች ከ2,000 በላይ ናቸው፤ ከቀዝቃዛው የሰሜን አገር እስከ ምድር ወገብ ይገኛሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «ሃሎባቴስ» የሚባለው ነገድ ነው። ነፍሳት ባሕርን አይወዱም፤ ከሚሊዮን ከሚያህሉት ዓይነቶች መካከል በክፍቱ ውቅያኖስ ላይ ኑሮውን የመሠረተ ከሃሎባቴስ በቀር የለም። ከነርሱም አብዛኞቹ በባሕር ጠረፍ የሚውሉ ናቸው፤ ዳርቻ በማይታይበት በውቅያኖሱ መካከል የሚኖሩት አምስት ዓይነቶች ብቻ ናቸው። አንደኛው በአትላንቲክም በሕንድም በሰላማዊም ውቅያኖስ ይገኛል። ክንፍ የላቸውም። እንቁላላቸውን በተገኘው ተንሳፋፊ ነገር፥ በላባም በእንጨትም ላይ ይጥላሉ። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ባሕሩን ያጥለቀለቀው ፕላስቲክ የእንቁላል ቦታ ሆኖላቸዋል።

በኦሎምፒያ አጠገብ የሚወርደው ውሃ ግን ወደ ባሕር አይደርስም። አቃቂ ገብቶ፥ በአባ ሳሙኤል አልፎ፥ ከአዋሽ ጋር ተደባልቆ በአፋር በረሃ ከአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላው መሸጋገር የፈለገች ሯጭ በውሃ መንገድ ሩቅ አትሄድም፤ መብረር ይኖርባታል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ያደረገችው ጥበብ አለ። በአንድ ዓይነት ሯጭ መካከል አንዷ ሙሉ ክንፍ ኖሯት እኅቷ አጭር ክንፍ ያላት ወይም ፈጽሞ ክንፍ የሌላት ልትሆን ትችላለች። ክንፍ ለማብቀል ብዙ ምግብ ይጠፋል፤ ይህንን የምትቆጥበው ሴት ቶሎ አድጋ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ ውሃው ዓመት እስከ ዓመት በማይደርቅበት፥ ኑሮም በማይናወጥበት ስፍራ ክንፍ የሌላቸው ይበዛሉ። ክረምት ሞልቶ በጋ በሚደርቀው ኩሬ ግን ክንፍ የሌላት ትጠፋለችና፥ ክንፍ ያላት ትበዛለች። ባለ ክንፏ በየጊዜው ቤት ትለውጣለች፤ ክንፍ የሌላት የአያቶቿን ርስት ይዛ ትቀራለች።

ይህን ልዩነት ወደ አገራችን ብናመጣው ትርጕሙ ይሰፋል። በአፍሪካ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው መሬት አብዛኛው የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። ይህ ደጋ በዙሪያው ካለው ቆላና በረሃ ጋር ሲነጻጸር በባሕር መካከል እንዳለች ደሴት ነው፤ ያውም ስምጥ ሸለቆ ለሁለት የሰነጠቃት ደሴት። በቀዝቃዛ ተራራማ ጅረት መኖር የለመደ ፍጥረት ከሰሜኑ ደጋ ተነሥቶ ወደ ባሌና ወደ አርሲ ለመሄድ የስምጥ ሸለቆን ሙቀት ማለፍ አለበት። የማይችለው በስፍራው ይቀራል፤ ከዘመን ብዛትም የራሱ ዓይነት ይሆናል። ይህን ከነገሩን ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት ነው። ከ1926 እስከ 1927 ከኦመር ኩፐር ጋር ሆኖ በዝቋላና በጪላሎ፥ በሌሎችም ስፍራዎች ነፍሳት ሰበሰበ፤ ኦመር ኩፐርም የኢትዮጵያን ውሃዎችና በውስጣቸው ያለውን ሕይወት መረመረ። ስኮት በ1937 ወደ የመን ተራሮች ሄዶ ነበር፤ ቆይቶም በ1948 ወደ ጋሞ ጉጌ ተራሮች፥ በ1952 ደግሞ በስልሳ ሰባት ዓመቱ ወደ ስሜን ተመልሶ መጣ። በዚያ ዕድሜው በበቅሎ ስሜን ወጥቶ ጢንዚዛ መልቀም የቻለውን ሰው ስናስብ፥ አሳንሰር ሲበላሽ ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት የምናጉረመርመው እኛ ጥቂት ማፈር ይገባናል።

የድራገንፍላይን ወገን ብንወስድ ልዩነቱ ይበልጥ ግልጥ ይሆናል። «ፓንታላ» የምትባለው ዓይነት ዓለምን የምትዞር ናት። ቻርልስ አንደርሰን የተባለ የባሕር ሕይወት ሊቅ በ2009 እንዳስረዳው፥ ነፋሱን ተከትላ ከሕንድ በማልዲቭ ደሴቶች በኩል ውቅያኖሱን ተሻግራ ምሥራቅ አፍሪካ ትደርሳለች፤ ልጆቿና የልጅ ልጆቿም ተመልሰው ይሄዳሉ። በዝናብ ውሃ ኩሬ ትወለዳለች፥ ዝናብ ወዳለበት ትሄዳለች። በአንጻሩ «ኢሽኑራ አቢሲኒካ» የምትባለው ቀጭን፥ ከዚያው ሰፊ ወገን የሆነች ፍጥረት ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የላትም። «ኦርቴትሩም ክሪስቴንሴኒ» የተባለችውም እንዲሁ የኢትዮጵያ ብቻ ናት። የኋለኛዋ ስም የውጭ አገር ሰው ስም መሆኑ ሊያስቆጨን ይችል ይሆናል። ከስሙ ይልቅ ግን የሚያሳስበው፥ ለኢትዮጵያ ብቻ ከተሰጡት መካከል ብዙዎቹ ኑሯቸው በደጋ ጅረቶች ዳር መሆኑ ነው፤ የደጋ ጅረት ማለት ደግሞ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚሰፍርበት፥ የሚያርስበት፥ የሚያጥብበት ውሃ ነው።

ሳሙናን አሁን ልናነሣው ነው። አንባቢው መርፌዋን አልረሳትም ብለን እናምናለን። ከኦሎምፒያ እስከ ካዛንቺስ ባለው ድልድይና ዳርቻ በአንድ የበጋ ጧት ለረጅም ጊዜ ቆመን የውሃውን ፊት ተመለከትን። አረፋ አየን፤ የዘይት ቀለም አየን፤ አንዲት ሯጭ አላየንም። ሯጯ አየር ስለምትተነፍስ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቢያንስ አይገድላትም፤ ዓሣንና በድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ነፍሳት የሚገድለው እርሱ ነው። ሯጯን የሚገድላት ሌላ ነው። የልብስና የመኪና ማጠቢያ ሳሙና፥ የኦሞም ውሃ፥ የሞተርም ዘይት የውሃውን ቆዳ ያላላሉ፤ በእግሯ ፀጉር መካከል የታሰረውንም አየር ያስለቅቃሉ። 100 ሚሊዮን ዓመት የፈጀው እግር በአንድ ባልዲ የሳሙና ውሃ ሥራ ይፈታል። ውሃው አለ፥ ይፈስሳልም፤ ቆዳው ግን የለም።

ሳሙና ወደ ወንዝ መግባቱ በአገራችን አዲስ አይደለም ለሚለን ሰው መልሳችን አዎን ነው። እናቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር፤ እንዶድም እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፥ የውሃውንም ቆዳ ያላላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትም በዚሁ ምክንያት ውሃ ዳር ቆመው በጥንቃቄ በመመልከታቸው ነው፤ ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ናትና ከዚያ ምልከታ ትልቅ ምርምር ተነሣ። ነገር ግን እንዶድ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ በአጭር ጊዜ ኃይሉ ይጠፋል፤ በሳምንት አንድ ቀን አንዲት መንደር ያጠበችበትም ዛሬ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ከተማ ቀንና ሌሊት ከሚያፈስሰው ጋር አይነጻጸርም።

በነፍሳት አማካይነት የወንዝን ጤና መለካት በኢትዮጵያ ተጀምሯል። አስቻለው ላቀውና ኦቶ ሞግ በ2015 ለመካከለኛውና ለደቡብ ምሥራቅ ደጋ ወንዞች ያወጡት መለኪያ በውሃው ውስጥ የሚገኙትን ትንንሽ ፍጥረቶች እየቈጠረ ወንዙ ጤነኛ ወይም ሕመምተኛ መሆኑን ይፈርዳል። የአዲስ አበባ አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክሉትን የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል፤ በዚያው ዓመት ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ፈርሳ ስትሠራ የወንዙም ዳርቻ መልክ መለወጥ ጀምሯል። እኛ ይህንን እንደግፋለን። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ ይህን ጕዳይ የያዙ ወጣት ባልደረቦቻችን አንድ ነገር ቢያስቡበት እንወዳለን። በኦሎምፒያ በኩል ያለው ውሃ ቢጸዳ በላዩ ላይ መጀመሪያ የምትመጣው ባለ ክንፏ ናት፤ እርሷ ከሌላ ኩሬ በርራ ትመጣለች፥ በአፍሪካ ብዙ ስፍራ የምትገኝ የታወቀች መንገደኛ ናትና። እርሷን ባየን ጊዜ ወንዙ ድኗል ብለን እናጨበጭብ ይሆናል። ክንፍ የሌላት፥ ወይም ከደጋው ጅረት በቀር ሌላ አገር የሌላት ግን አትመጣም። እርሷ ያለችው፥ ካለች፥ ከላይ ከምንጩ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ከጠፋችም የሚተካት ከየትም አይገኝም።

ስለዚህ የጽዳቱ ገንዘብና የዘበኛው ዓይን በድልድዩ አጠገብ፥ ሰው ሁሉ በሚያየው ስፍራ ብቻ ከሚያርፍ፥ የመጀመሪያው ድርሻ ለእንጦጦ ምንጮች ቢሰጥ በኛ አስተያየት ይሻላል። ሳር ቤት ለመሥራት፥ ልብስ ለማጠብ፥ መኪና ለማጠብ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው በየዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ከታች ለአንድ ዓመት የሚሠራው ሥራ ከላይ በአንድ ባልዲ ሊፈርስ ይችላል።

ነገሩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ተማሪ በመስከረም መጨረሻ፥ ጎርፉ አልፎ ውሃው ሲጠራ፥ ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ እንጦጦ ይውጣ። ዛፍ ያጠላበት፥ ድንጋይ ያገደው ጸጥ ያለ ኩሬ ይፈልግ፤ ጥላውም በውሃው ላይ እንዳይወድቅ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጎ ይቀመጥ። ሯጯን ከማየቱ በፊት የሚያየው ጥላዋን ነው፤ የእግሮቿ ጫፎች ውሃውን ባጎደጎዱበት ስፍራ ብርሃኑ ስለሚጠማዘዝ፥ ከኩሬው ግርጌ በድንጋዩ ላይ ክብ ክብ ጥቁር ነጥቦች አብረው ሲንሸራተቱ ይታያሉ። ከዚያ ዓይኑን ቀና ሲያደርግ ጀርባዋ ላይ ክንፍ መኖሩንና አለመኖሩን ይመልከትና፥ ቀኑንና ስፍራውን በደብተሩ ይጻፍ።